ያለ ስምና ያለ ሜዳ ሊግ የገባው ክለብ፦ የካንሳስ ሲቲ ከረንት አመሠራረት

የአሜሪካ ብሔራዊ የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ዲሴምበር 7 ቀን 2020 ካንሳስ ሲቲ ለቀጣዩ የውድድር ዓመት አዲስ ክለብ እንደምታስገባ ሲያስታውቅ ባለቤቶቹ ታውቀው ነበር፤ የተጫዋቾቹም ዝርዝር ከሞላ ጎደል እጅ ላይ ነበር። ስም ግን አልነበረም። አርማም፣ ማልያም፣ የራሳችን የሚሉት ሜዳም አልነበረም። የመጀመሪያው የውድድር ጨዋታ ለኤፕሪል 9 ቀን 2021 ስለተያዘ ይህን ሁሉ ለማሟላት የቀረው ጊዜ አራት ወር ብቻ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክለቡ ዛሬ ካንሳስ ሲቲ ከረንት ይባላል። በመጀመሪያ ዓመቱ ከአሥር ክለቦች አሥረኛ ወጣ፤ በአምስተኛ ዓመቱ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛ የተባለውን ነጥብ ሰብስቦ የመደበኛውን ውድድር ዋንጫ ወሰደ (የሊጉ ሻምፒዮን የሚለየው ግን ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ ነው)። ይህ ለውጥ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአሜሪካን ፉትቦሉ ኮከብ የፓትሪክ ማሆምስና የሚስቱ የብሪትኒ ስም ነው። ወሬው ያምራል፤ ለአዲስ ክለብ መሥራች ግን ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል እንደወጣ ማየት ነው፤ መጀመሪያ የተጫዋቾች ውል፣ ቀጥሎ የልምምድ ማዕከል፣ ከዚያ ስታዲየም። ይህ ተራ ክለቡን ከምን አዳነው፣ ከምንስ አላዳነውም የሚለው ነው የዚህ ጥናት ጉዳይ።

ቀድሞ የነበረው ክለብ

ካንሳስ ሲቲ ለሴቶች እግር ኳስ እንግዳ አልነበረችም። ሊጉ በ2013 ሲጀመር ኤፍሲ ካንሳስ ሲቲ የሚባል ክለብ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ በ2014 እና በ2015 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። አሰልጣኙ ቭላትኮ አንዶኖቭስኪ ነበር፤ ይህ ስም በኋላ ይመለሳል። ሁለት ዋንጫ ያነሳው ይህ ክለብ በ2017 መጨረሻ ፈረሰ።

ምክንያቱን ለማወቅ የተጫወተባቸውን ሜዳዎች መቁጠር ይበቃል። በ2013 የትምህርት ቤቶች ስታዲየም ላይ ተጫወተ። በ2014 ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሜዳ ሄደ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ስዎፕ ሶከር ቪሌጅ በሚባል፣ ዋና ሥራው ለልምምድና ለታዳጊዎች ውድድር በሆነ ቦታ ላይ ተጫወተ። አምስት ዓመት፣ ሦስት ሜዳ። በመጨረሻው ዓመት በአማካይ በአንድ ጨዋታ የሚገኘው ተመልካች ከ2,000 በታች ወርዶ ነበር። ባለቤትነቱም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከከተማዋ ወጥቶ ሚኒሶታ ለሚኖር ባለሀብት ተላልፏል። ሻምፒዮን ቡድንም ቢሆን ቦታ እየቀያየረ ደጋፊ ማቆየት እንደማይችል በዚህ ታየ።

ክለቡ ሲፈርስ የተጫዋቾቹ ውል በዚያው ሰሞን ሶልት ሌክ ከተማ ላይ ለተቋቋመው ዩታ ሮያልስ ተሰጠ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እነዚያው ውሎች በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

በዲሴምበር 2020 የተገኘው ምንድን ነው?

በኦገስት 2020 የዩታ ሮያልስና የወንዶቹ ክለብ ሪያል ሶልት ሌክ ባለቤት ዴል ሎይ ሃንሰን በዘረኛ ንግግር ተከሶ ክለቦቹን ለመሸጥ ተገደደ። የሴቶቹ ክለብ በቶሎ ገዢ አላገኘም። በዚህ ጊዜ የካንሳስ ሲቲዎቹ አንጂ ሎንግና ክሪስ ሎንግ ከብሪትኒ ማቲውስ ጋር ሆነው መጡ። ባልና ሚስቱ ሎንጎች ፓልመር ስኩዌር ካፒታል የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት መሥራቾች ናቸው። ብሪትኒ (በኋላ ብሪትኒ ማሆምስ) በዩኒቨርሲቲ ኳስ የተጫወተች፣ ጥቂት ጊዜም አይስላንድ ውስጥ በፕሮፌሽናልነት የቆየች ናት። ፓትሪክ ማሆምስ ራሱ ወደ ባለቤትነቱ የገባው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ማለትም ከባዱ ውሳኔ ሁሉ ካለፈ በኋላ።

ያገኙት ነገር ከዩታ ጋር የነበሩትን ተጫዋቾች ውል፣ የድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ዕድሎችንና ሌሎች የተጫዋች መብቶችን ነው። የዩታ ስም፣ አርማና ታሪክ ሶልት ሌክ ቀሩ፤ በ2024 ዩታ በአዲስ ባለቤቶች ወደ ሊጉ ሲመለስ እነዚህን መልሶ ተጠቅሞባቸዋል። በሊጉ መዝገብ ካንሳስ ሲቲ የዩታ ቀጣይ ሆኖ አልተጻፈም፤ አዲስ ክለብ ነው።

ይህ እንዴት ይቻላል የሚል አንባቢ ይኖራል። በአውሮፓም ሆነ በእኛ አገር ተጫዋች የሚፈርመው ከክለቡ ጋር ነው። በዚህ ሊግ ግን ውሉ የሚፈረመው ከሊጉ ጋር ነው፤ ክለቡ የሚይዘው የማሰለፍ መብቱን ነው። ስለዚህ አንድ ክለብ ሲዘጋ ሊጉ በዚያ ጊዜ ሃያ ምናምን ውሎችን አንስቶ ሌላ ከተማ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ለመሥራች ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ተጫዋች አንድ በአንድ ማስፈረም ቀረለት። ለተጫዋቿ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሶልት ሌክ እስከ ካንሳስ ሲቲ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሂጂ ስትባል ሄደች። በ2021 የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 22,000 ዶላር፣ ከፍተኛው 52,500 ዶላር፣ የአንድ ክለብ የደመወዝ ጣሪያ ደግሞ 682,500 ዶላር እንደነበር ሲታሰብ ዕቃ ጠቅልሎ መነሳት ቀላል ወጪ አይደለም። ቤት ማዘጋጀት የክለቡ ግዴታ በመሆኑ፣ ሜዳ ሳይገኝ የአፓርታማ ፍለጋ የአዲሱ ጽሕፈት ቤት አጣዳፊ ሥራ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። በዝርዝሩ ላይ ያለ ስም ሁሉ ሜዳ ላይ አይገኝም። ዩታ ከነበሩት ሁለት የብሔራዊ ቡድን ኮከቦች መካከል የክሪስተን ፕረስ መብት በኖቬምበር 2020 አዲስ ገቢ ክለብ ከነባሮቹ ክለቦች ተጫዋች በመረጠበት ምርጫ ወደ ሬሲንግ ሉዊቪል ሄዶ ነበር። ኬሊ ኦሃራም በዲሴምበር ወደ ዋሺንግተን ስፒሪት ተዛወረች። ካንሳስ ሲቲ የደረሰው አከርካሪው የተጎዳ ቡድን ነበር። የቀረው ጥሩ ነገር ዴዚሬ ስኮት፣ ሎኢአው ላቦንታና ግብ ጠባቂዋ ኒኮል ባርንሃርትን የመሳሰሉት ከተማዋን ከቀድሞው ክለብ ጀምሮ ማወቃቸው ነው። ለደጋፊ ይህ ትርጉም ነበረው፤ ለነጥብ ግን አልበቃም።

የቤዝቦሉ ሜዳ

በአራት ወር ውስጥ የተገኘው ሜዳ ሌጀንድስ ፊልድ ነው፤ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የሚባል የቤዝቦል ቡድን የሚጫወትበት። እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር፦ ካንሳስ ሲቲ የሚባሉት ሁለት ከተሞች ናቸው፤ አንዱ ካንሳስ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ትልቁ ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ነው። ሌጀንድስ ፊልድ በካንሳስ በኩል፣ ከመሐል ከተማው በስተ ምዕራብ ራቅ ብሎ የሚገኝ ነው።

የቤዝቦል ስታዲየም ለእግር ኳስ የማይመቸው ሣሩ ስለሚበላሽ ብቻ አይደለም። መቀመጫው የተሠራው ኳስ መቺው የሚቆምበትን አንድ ጥግ እንዲከብ ነው። አራት ማዕዘን ሜዳ እዚያ ውስጥ ሲዘረጋ ከመቀመጫው አብዛኛው ወደ አንድ የማዕዘን ባንዲራ ያፈጥጣል፤ በሌላው መስመር በኩል ደግሞ ተመልካች የሚባል ነገር የለም፣ አጥር ብቻ ነው። ኳስ ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታና የሯጮቹ አፈር ያለበት ቦታም መላ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው የጊዜ ሰሌዳው ነው፤ የቤዝቦሉ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፣ የእግር ኳሱም ወቅት እነዚሁኑ ወራት ይይዛል። የሜዳው ጌታ ቀኑን ከመረጠ በኋላ የተረፈው ለተከራይ ይሆናል።

ሊጉ ይህን በሽታ ከዚያ በፊትም ያውቀዋል። በጁላይ 2016 ሮቼስተር ላይ የዌስተርን ኒው ዮርክ ፍላሽ መደበኛ ስታዲየም በሙዚቃ ዝግጅት ስለተያዘ ከሲያትል ሬይን ጋር የነበረው ጨዋታ ወደ ቤዝቦል ሜዳ ተወሰደ። የተሰመረው ሜዳ ርዝመቱ 91 ሜትር፣ ወርዱ 53 ሜትር ገደማ ነበር። በወርድ በኩል ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። የፍፁም ቅጣት ምት ክልል ወርዱ 40.3 ሜትር ነው። በመደበኛው 68 ሜትር ወርድ ላይ ከክልሉ ጎን እስከ መስመሩ በየአቅጣጫው ወደ 13.8 ሜትር ይቀራል፤ እዚያ ክንፍ ተጫዋች ተሯሩጣ ኳስ ታሻማለች። በሮቼስተሩ ሜዳ የቀረው 6.3 ሜትር ነው። የእጅ ውርወራ ሁሉ የማዕዘን ምት ያህል ይሆናል፤ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ መዞሪያ የለም። ሊጉ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። የሚገርመው ፍላሽ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ተሽጦ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሄደ። ዋንጫ ክለብን ከተማው ውስጥ እንደማያቆይ ካንሳስ ሲቲ ብቻዋን አይደለችም ያየችው።

ሌጀንድስ ፊልድ የሮቼስተርን ያህል አልከፋም። ቢሆንም አዲሱ ክለብ የ2021ን ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኖ አሳለፈ። ስሙም ገና ስላልተወሰነ በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ የከተማውንና የሊጉን ምኅጻረ ስም ደርቦ ይዞ ነበር የሚታየው። ስሙን ማዘግየት በራሱ ስሕተት አልነበረም። የሊጉን ክለቦች ማልያ ሁሉ የሚያቀርበው ናይኪ ነው፤ ትዕዛዙም ከብዙ ወራት በፊት ይገባል። በአራት ወር ውስጥ ስም ተመርጦ፣ የንግድ ምልክት ተጣርቶ፣ ማልያ ተሠርቶ ሊደርስ አይችልም። ተቻኩሎ የወጣ አርማ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ይቀየራል፤ የተገዛው ሸቀጥ ሁሉ በደጋፊው እጅ ያረጃል። ካንሳስ ሲቲ ከረንት የሚለው ስም ኦክቶበር 30 ቀን 2021 የዓመቱ ውድድር ሊያልቅ ሲል ይፋ ሆነ። ዋጋው ግን አንድ ዓመት ሙሉ የሚሸጥ ቋሚ ሸቀጥ ማጣት ነው። አዲስ ክለብ ሲቋቋም ይህ ገቢ በበጀቱ ላይ በዜሮ መያዝ አለበት።

ሜዳ ላይ የሆነው የሚያስደስት አልነበረም። በአሰልጣኝ ሂዩ ዊሊያምስ የተመራው ቡድን ከ24 የሊግ ጨዋታ 3 አሸነፈ፣ 7 አቻ ወጣ፣ 14 ተሸነፈ፤ 16 ነጥብ። በዓመቱ አጋማሽ አጥቂዋ ኤሚ ሮድሪጌዝ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሄዳ በምትኳ ክሪስተን ሃሚልተንና ሄይሊ ሜስ መጡ። በኦገስት ደግሞ የካንሳስ ተወላጇ ግብ ጠባቂ አድሪያና ፍራንች ከፖርትላንድ መጣች። ሁለቱም ዝውውሮች ለ2022 የተደረጉ ናቸው። የ2021 ውድድር ገና ሳያልቅ ክለቡ ትቶታል ማለት ይቻላል፤ የሚያስመሰግነው ውሳኔም ይኸው ነው።

የተከራይ ሒሳብ

በ2022 ክለቡ ወደ ችልድረንስ መርሲ ፓርክ ተዛወረ። ይህ የወንዶቹ ክለብ የስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ስታዲየም ነው፤ በ2011 የተከፈተ፣ ከ18,000 በላይ መቀመጫ ያለው፣ ለእግር ኳስ ተብሎ የተሠራ። የሜዳ ጥራት ጥያቄ ተዘጋ። የገንዘቡ ጥያቄ ግን አልተዘጋም።

ተከራይ ክለብ በአብዛኛው የሚያገኘው የትኬት ገቢን ነው። የመኪና ማቆሚያው፣ የምግብና የመጠጡ፣ የልዩ ክፍሎቹ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የስፖንሰር ስም፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን የሚከራየው አዳራሽ ሁሉ የባለ ስታዲየሙ ነው፤ በውል ካልተካፈሉት በስተቀር። ቀን በመምረጥም የወንዶቹ ሊግ ይቀድማል። ሌላው ነገር የሰው ብዛት ነው። 18,000 በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ 7,000 ሰው ሲገባ በቴሌቪዥን ባዶ ይመስላል፤ ደጋፊውም ትኬት አያልቅብኝም ብሎ እስከ መጨረሻው ቀን ይጠብቃል። የዓመት ትኬት የሚሸጠው ካልገዛሁ አላገኝም የሚል ስሜት ሲኖር ነው።

የእኛን አገር የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተል ሰው ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ክለቦቻችን በአብዛኛው የባንክ ወይም የከተማ አስተዳደር ናቸው፤ ጨዋታዎቹም እንደ ሀዋሳና አዳማ ባሉ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲካሄዱ ይታያል። እንዲህ ሲሆን የበር ገቢ የሚባለው ከናካቴው ከሒሳቡ ይወጣል፤ ክለቡ የሚኖረው እናት ድርጅቱ በሚበጅተው ልክ ነው። ካንሳስ ሲቲዎች የሸሹት ይህንን ዓይነት ጥገኝነት ነው፤ እነሱ ጋ ጥገኝነቱ ለባለ ስታዲየሙ ነበር።

ከስታዲየሙ በፊት የልምምድ ማዕከል

ብዙ መሥራቾች የሚገለብጡት ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ነው። ስታዲየም ለፎቶ ይመቻል፣ ስፖንሰር ይስባል፤ የልምምድ ሜዳን ማንም አያየውም። ተጫዋች ግን ስታዲየሙን የምታገኘው በወር ሁለት ጊዜ ሲሆን የልምምድ ሜዳውን በየቀኑ ነው።

ክለቡ ሪቨርሳይድ በምትባል የሚዙሪ ከተማ ውስጥ ያስገነባው የልምምድ ማዕከል በጁን 2022 ተከፈተ፤ ወጪው 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሕንፃው ወደ 1,600 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ የመልበሻ ክፍል፣ የክብደት ማንሻ፣ የሕክምናና የማገገሚያ ክፍሎች፣ ወጥ ቤትና የመመገቢያ አዳራሽ፣ ውጪው ላይ የተፈጥሮ ሣር ሜዳዎች አሉት። በጊዜው በዚህ ሊግ ለሴቶች ክለብ ብቻ ተብሎ የተሠራ የልምምድ ማዕከል አልነበረም። ሌሎቹ የወንዶቹን ወይም የዩኒቨርሲቲውን በሰዓት ይጋሩ ነበር፤ በሰዓት መጋራት ማለት ደግሞ የወንዶቹ ቡድን ከቀየረ የእናንተም የልምምድ ሰዓት ይቀየራል ማለት ነው፤ የፊዚዮቴራፒ አልጋ ሲፈለግ ይያዛል።

ይህ ለዝውውር ገበያው መሣሪያ ሆነ። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2022 በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል የተደረገው አዲሱ የጋራ ስምምነት ጣሪያውን ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 35,000 ዶላር ከፍ ቢያደርገውም ሀብታሙ ባለቤት ከድሃው አብልጦ እንደልቡ መክፈል አይችልም። ለሕንፃ ግን ጣሪያ የለም። በደመወዝ መብለጥ ካልተቻለ በሕክምና ክፍል፣ በምግብ፣ በሣር መብለጥ ይቻላል። ብራዚላዊቷ ዴቢንያ በጃንዋሪ 2023 በነፃ ዝውውር ስትፈርም ብዙ ክለቦች ይፈልጓት ነበር።

የ2022ቱ ቡድን በማት ፖተር ሥር አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በጥሎ ማለፉ ሂውስተንንና ሲያትል ላይ ኦኤል ሬይንን ከሜዳው ውጪ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ኦክቶበር 29 ዋሺንግተን ላይ በፖርትላንድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ለዚያ ዓመት ከኖርዝ ካሮላይና ያመጣቸው ሁለቱ ትልልቅ ስሞች ሊን ዊሊያምስና ሳም ሚዊስ በጉዳት ምክንያት አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወቱለትም። ያለ እነሱ ፍጻሜ መድረሱ ቡድኑ በሁለት ስም ላይ እንዳልቆመ ያሳያል።

ወንዙ ዳር ያለው ስታዲየም

የስታዲየሙ ዕቅድ ይፋ የሆነው በኦክቶበር 2021 ነው፤ ልብ በሉ፣ ቡድኑ በሰንጠረዡ ግርጌ ተቀምጦ፣ ስሙ ገና ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት። ቦታው የሚዙሪ ወንዝ ዳርቻ ላይ ያለ በርክሊ ሪቨርፍሮንት የሚባል መሬት ነው። መሬቱ የካንሳስ ሲቲ ወደብ ባለሥልጣን ነው፤ ክለቡ ለ50 ዓመት በሊዝ ወሰደው። ስፋቱ ወደ 2.9 ሄክታር ነው። መግዛት ሳይሆን ሊዝ መምረጡ ለወደቡም ለክለቡም ተስማማ፤ ወደቡ ለብዙ ዓመታት ባዶ የቆየ መሬት ላይ ሥራ አገኘ፣ ክለቡም ለመሬት የሚያወጣውን ትልቅ ካፒታል ለግንባታ አዋለው።

በመጀመሪያ የተነገረው ዋጋ 70 ሚሊዮን ዶላር፣ የመቀመጫው ብዛት 11,000 ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2022 መሠረት ሲጣል፣ ዋጋው 117 ሚሊዮን፣ መቀመጫው 11,500 ሆነ። መቀመጫው በ500 ሲጨምር ዋጋው በ47 ሚሊዮን ጨመረ። ስለዚህ ጭማሪውን ያመጣው መቀመጫ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የግንባታ ዕቃና የጉልበት ዋጋ በመላው አሜሪካ ሽቅብ ሄዷል፤ ንድፍ ሲዘረዘርም በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያልነበሩ ነገሮች ይመጣሉ። በመጀመሪያው የንድፍ ዋጋ በጀት የሚይዝ መሥራች ሁለት ሦስተኛ ያህል ጭማሪ ቢመጣበት ከየት እንደሚሸፍን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እዚህ የሸፈኑት በዋናነት ባለቤቶቹ ናቸው፤ የክፍለ ግዛቱ የታክስ ድጋፍ ቢኖርም ከጠቅላላው ትንሽ ድርሻ ነው።

117 ሚሊዮንን ለ11,500 ብናካፍለው አንድ መቀመጫ ከ10,000 ዶላር በላይ ፈጅቷል። በ2024 መደበኛ ውድድር እያንዳንዱ ክለብ 26 ጨዋታ ነበረው፣ 13ቱ በሜዳው። ሁሉም ትኬት ቢሸጥ 149,500 ትኬት ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ በአማካይ 30 ዶላር ቢሸጥ 4.5 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። በትኬት ብቻ ስታዲየሙን ለመመለስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ያውም ደመወዝ፣ ጉዞና ጥገና ሳይነሳ። ሒሳቡን የሚያስኬዱት ተከራይ ሳሉ ያልነበሯቸው ገቢዎች ናቸው። የስያሜ መብቱን የባቡር ኩባንያው ካናዲያን ፓሲፊክ ካንሳስ ሲቲ ገዛ፤ ስታዲየሙ በኩባንያው ምኅጻረ ስም ሲፒኬሲ ተባለ። ጨዋታ በሌለ ቀን አዳራሾቹ ይከራያሉ። ዙሪያውን ባለው መሬት ላይም የአፓርታማና የሱቅ ልማት ታቅዷል፤ የገንዘብ ሰዎች የሆኑት ባለቤቶች መጀመሪያውኑ ዓይናቸው እዚያ ላይ እንደነበር መገመት አይከብድም።

መቀመጫውን 11,500 ላይ ማቆም የድፍረት ማነስ የመሰለው ሰው ነበር። ነገር ግን ለማስፋት በሚያስችል ንድፍ ተሠርቶ አነስ ብሎ መጀመሩ የዓመት ትኬቱን አስጨረሰ። በ2024 በሜዳው ያደረጋቸው የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች ትኬት ሁሉ አልቋል።

ያልተሳካ ነገርም ነበር። ቦታው በወንዙና በባቡር ሐዲዱ መካከል የተወሸቀ ነው፤ መግቢያ መንገዱ ጥቂት ነው። ወደ ወንዙ የሚዘልቀው የከተማ ባቡር መስመር ስታዲየሙ ሲከፈት አልደረሰም። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የደጋፊው ዋና ሮሮ ስለ መኪና ማቆሚያ ጥበትና ዋጋ ነበር። ስታዲየም ከመንገዱ ቀድሞ ሲከፈት የሚመጣው ይኸው ነው፤ ባቡሩን የሚሠራው ክለቡ ስላልሆነ በክለቡ የጊዜ ሰሌዳ አይሄድም።

የአሰልጣኙ ወንበር

ግንባታው በዕቅዱ ሲሄድ የአሰልጣኙ ወንበር ግን አልጸናም። ሂዩ ዊሊያምስ አንድ ዓመት ቆየ። ፖተር ቡድኑን ለፍጻሜ አድርሶ በቀጣዩ ዓመት ከሦስት የሊግ ጨዋታ በኋላ በኤፕሪል 2023 ተሰናበተ። ካሮላይን ሾብሎም በጊዜያዊነት ጨረሰች፤ ክለቡ ከ12 ክለቦች 11ኛ ሆነ። ዴቢንያ አለች፣ ማዕከሉ አለ፣ ስታዲየሙ ከፍ ከፍ እያለ ነው፤ ነጥብ ግን የለም። ሕንፃ ተጫዋች ያመጣል፤ ማን እንዴት እንደሚሰለፍ አይወስንም። የዚህ ክለብ አመሠራረት ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመሬትና ለሲሚንቶ የነበረው ትዕግሥት ለስፖርቱ አመራር አልነበረም።

በኦክቶበር 2023 የቀድሞው የከተማዋ ሻምፒዮን አሰልጣኝ ቭላትኮ አንዶኖቭስኪ ተመለሰ። በመሐሉ የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድንን ከ2019 እስከ 2023ቱ የዓለም ዋንጫ አሰልጥኖ፣ ቡድኑ በጊዜ ተሰናብቶበት ነበር። ክለቡ አሰልጣኝነትንና የስፖርት ዳይሬክተርነትን ደርቦ ሰጠው፤ ተጫዋች የሚመርጠውና የሚያሰልፈው አንድ ሰው ሆነ። በጃንዋሪ 2024 ከቻይናው ዉሃን ቡድን ማላዊያዊቷን ቴምዋ ቻዊንጋን አስፈረመ።

ስታዲየሙ ማርች 16 ቀን 2024 ከፖርትላንድ ቶርንስ ጋር በተደረገ ጨዋታ ተከፈተ። ቫኔሳ ዲበርናርዶ በአራተኛው ደቂቃ የስታዲየሙን የመጀመሪያ ጎል አገባች፤ ጨዋታው 5 ለ 4 በካንሳስ ሲቲ አሸናፊነት አለቀ። ቻዊንጋ በዚያ ዓመት 20 ጎል አስቆጥራ የሳም ከርን የ18 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረች፤ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችነትንም ወሰደች፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ። በ2025 ያንኑ ሽልማት ደገመችው። ክለቡም በዚያ ዓመት ከ26 ጨዋታ 21 አሸንፎ በ65 ነጥብ አንደኛ ወጣ፤ ኦርላንዶ ፕራይድ ዓመት ቀደም ብሎ የያዘው ክብረ ወሰን 60 ነበር። በጥሎ ማለፉ ግን በሜዳው በጎታም ተሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ላይ ቀረ። ከ2015 ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተማዋ የሴቶቹን ሊግ የሻምፒዮንነት ዋንጫ አላነሳችም።

የስታዲየም ባለቤት የመሆን ሌላው ጥቅም በኖቬምበር 2024 ታየ። የሊጉ ፍጻሜ በሲፒኬሲ ስታዲየም ተካሄደ፤ ካንሳስ ሲቲ በግማሽ ፍጻሜው በኦርላንዶ ተሸንፎ ስለነበር አልተጫወተም። ኦርላንዶ በዛምቢያዊቷ ባርብራ ባንዳ ጎል ዋሺንግተንን 1 ለ 0 አሸነፈ። ዋንጫው የሌላ ነው፤ ድግሱ ግን ካንሳስ ሲቲ ቤት ነበር።

ይህን መንገድ ዛሬ መከተል

ለመጀመሪያው ደረጃ በሩ ተዘግቷል። በ2020 ባለቤት ያጣ ክለብ ተጫዋቾችን ይዞ መግባት ተችሏል። በ2023 ቤይ ኤፍሲ ለመግቢያ ብቻ 53 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ በጃንዋሪ 2025 ለዴንቨር ከተማ አዲስ ክለብ የተጠየቀው 110 ሚሊዮን ነው። የድራፍት ሥርዓቱም ከ2024ቱ የጋራ ስምምነት ጀምሮ ስለቀረ አዲስ ክለብ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ማግኘት አይችልም፤ እያንዳንዷን አግባብቶ ማስፈረም አለበት። ይህ የልምምድ ማዕከሉን ከበፊቱም ይበልጥ ቀዳሚ ያደርገዋል፤ ለተጫዋቿ የሚያሳዩት ሌላ ነገር የለምና።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ግን ሳይለወጡ ይሠራሉ፤ የዴንቨር ዕቅድም ይህን ይመስላል። ቡድኑ ገና ተጫዋች ሳያስፈርም 14,500 መቀመጫ ላለው የራሱ ስታዲየም ቦታ ተመረጠ፤ የከተማው ምክር ቤትም በ2025 ለመሬቱና ለመንገዱ እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ካንሳስ ሲቲ ላይ በዋናነት በግል ገንዘብ የተሸፈነው የመሬት ጣጣ እዚህ በከፊል ወደ ሕዝብ ኪስ ሄዷል፤ ለዚህም ምክር ቤቱ ውስጥ ክርክር ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ሴንቴኒያል በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ ከልምምድ ማዕከሉ ጎን፣ 12,000 የሚይዝ ጊዜያዊ ስታዲየም ታቀደ፤ ዋናው ስታዲየም ሲያልቅ አካባቢው ለትምህርት ቤቶች መገልገያ እንዲቀር ተደርጎ።